የጣና ዳርቻ የእጅ ጥበብ፦ ከደንገል ትንሽ ታንኳ፣ ወረቀትና ሥዕል እንዴት ይሠራል?

በባሕር ዳር ከተማ የሐይቁን ዳር ይዞ የሚሄድ ሰው በየመሸጫው ከደንገል (ከፓፒረስ) የተሠሩ ትናንሽ ታንኳዎችን ማየቱ አይቀርም። አንዳንዶቹ እውነተኛውን ታንኳ በሚሠሩ እጆች የተሠሩ በመሆናቸው አፍንጫቸው ቀና ያለ፣ ማሰሪያቸውም የጠበቀ ነው፤ ሌሎቹ ግን ለገበያ ያህል ተጠምዝዘው የታሰሩ ስለሆኑ ገዢው ቤት ደርሰው ብዙም ሳይቆዩ ይላላሉ፣ ቀጥሎም ይፈታሉ። የሁለቱ ልዩነት ከጌጡ አይደለም፤ ደንገሉ መቼ እንደታጨደ፣ እንዴት እንደደረቀና ስንት ጊዜ እንደታሰረ ከማወቅ የሚመጣ ነው። ይህ ጽሑፍ የጣናን ሕይወት መነሻ አድርገው መሥራት ለሚፈልጉ ጀማሪ ሠሪዎችና ሠዓሊዎች የተዘጋጀ ሲሆን፣ ከአጨዳ ተነሥቶ ትንሽ ታንኳ፣ የደንገል ወረቀትና በወረቀቱ ላይ የሚያርፍ ሥዕል እስከማዘጋጀት ያለውን ሥራ ያስረዳል።

አስቀድሞ ግን ሙያውን ለዛሬ ያደረሱትን ሰዎች ማወቅ ይገባል። በሐይቁ ዙሪያ የሚኖረው የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ታንኳ በመሥራት፣ ዓሣ በማስገርና ከደንገል ልዩ ልዩ ዕቃ በመሥራት ለዘመናት ሲተዳደር ኖሯል። ይህን ሁሉ ሙያ ይዞ በጎረቤቶቹ ዘንድ ሲናቅና ሲገለል መኖሩም የሚታወቅ ነው። ስለሆነም ታንኳ መሥራት መማር የሚፈልግ ሰው ወደ ባለሙያዎቹ ሄዶ፣ ላስተማሩበት ጊዜ ተገቢውን ዋጋ ከፍሎ፣ ሥራውን ሲሸጥም ከማን እንደተማረ ሳይደብቅ ቢሠራ የሚገባ ነው። እዚህ የተጻፈው ከባለሙያ አጠገብ ተቀምጦ ማየትን አይተካም፤ አጠገቡ ሲቀመጡ ምኑን ማየት እንደሚገባ ግን ያመለክታል።

አጨዳ

ጣና ሰፊ እንጂ ጥልቅ ሐይቅ አይደለም። ስፋቱ ወደ 3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ሲገመት፣ ጥልቀቱ ግን እጅግ ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ 15 ሜትር ያህል ብቻ ነው። በዚህ የተነሣ ዝናብ ሲመጣና ሲሄድ ውኃው በዳርቻው ላይ ረጅም ርቀት ይስፋፋል፣ መልሶም ይሸሻል፤ ደንገል የሚወደው ረግረግም የሚፈጠረው ከዚሁ ነው። የሐይቁ ውኃ ከክረምቱ ማብቂያ በኋላ በመስከረምና በጥቅምት ከፍ ብሎ ይቆይና በግንቦትና በሰኔ መግቢያ ዝቅ ይላል። ለአጨዳ የሚመቸው ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ያለው ጊዜ ነው፤ ያን ጊዜ ዳርቻው ለመቆም ይመቻል፣ የታጨደውም አገዳ ሳይሻግት ይደርቃል።

ወደ ረግረጉ ከመግባትዎ በፊት ረጅም የጎማ ቦት ጫማ ያድርጉ። በጣና ዳርቻ ቢልሃርዝያ ስላለ በባዶ እግር ውኃ ውስጥ መቆም ለበሽታው መጋለጥ ነው፤ ሲያጭድ የኖረ ሰው ምንም አልሆንኩም ቢል እንኳ አይከተሉት። ጉማሬ በሚወጣባቸው ቦታዎች ደግሞ ማለዳ ገና ሳይነጋና አመሻሽ ላይ ወደ ደንገሉ መግባት አይገባም። የአካባቢውን ዓሣ አስጋሪዎች ሳይጠይቁ ወደማያውቁት ረግረግ መግባትም ብልህነት አይደለም። ጣናና አካባቢው እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታዎች መዝገብ ውስጥ መግባቱን ያስታውሱ፤ ለጥቂት እቅፍም ቢሆን ከቀበሌው፣ ቦታው የገዳም ይዞታ ከሆነም ከገዳሙ ፈቃድ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሊታጨድ የደረሰ ደንገል ጫፉ ላይ እንደ ጃንጥላ የተዘረጋው ራሱ ከአረንጓዴነት ወደ ቡናማነት ማዘንበል ይጀምራል። አገዳውን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ጨመቅ ሲያደርጉት የበሰለው ጠንከር ብሎ ይመልሳል፤ ለጋው ግን ወደ ውስጥ ይገባል፣ ሲደርቅም ተጨማድዶ ግማሹን ያህል ስለሚቀጥን ለማሰር አይሆንም። ማጭዱ ከውኃው ወለል አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ያርፍ። ከውኃው በታች የተቆረጠ አገዳ በቁራጩ በኩል ውኃ ስለሚገባበት ሥሩን ለመበስበስ ይዳርገዋል። ደንገል ሥሩ እስካልተነቀለ ድረስ መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ነገር ግን ሳይከርም ደጋግሞ የሚታጨድ ቦታ ሥሩ ያጠራቀመው ጉልበት ስለሚያልቅበት ቡቃያው ከዓመት ዓመት እየሳሳ ይሄዳል። ስለዚህ ከአንድ ቦታ ጥቂት ጥቂት እየመረጡ መውሰድና በሚቀጥለው ዓመት ወደ ሌላ ቦታ ማለፍ ይሻላል። በአገዳዎቹ መካከል የወፍ ጎጆ ካዩ ያንን ዙሪያ ሙሉ በሙሉ ይተዉት።

ማድረቅ

ለታንኳ የሚሆነው ደንገል መድረቅ አለበት፤ ለወረቀት የሚሆነው ግን እርጥብ ሆኖ በታጨደበት ቀን ወይም በማግሥቱ ሥራ ሊጀመርበት ይገባል። ስለዚህ ገና ከዳርቻው ሳይነሡ ቀጫጭኑንና ረጃጅሙን ለታንኳ፣ ወፍራሙንና ከሥሩ በኩል ያለውን ደግሞ ለወረቀት ለይተው ይሰሩት። ለታንኳ የተለየውን ከመሬት ከፍ ባለ የእንጨት ርብራብ ላይ ሳይደራረብ ዘርግተው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ፀሐይ ያስመቱት፤ በየዕለቱም ይገልብጡት። አረንጓዴው ቀለም ሲለቅ ወደ ጥላ ያዙሩት፤ እስከ መጨረሻው ፀሐይ ላይ የከረመ አገዳ ሲያጥፉት ይሰነጠቃል። ሙሉ በሙሉ የደረቀ ደንገል በእጅ ሲመዝኑት የሚያስገርም ቅለት ይኖረዋል፤ በጥፍር መታ መታ ሲያደርጉትም ባዶ ድምፅ ይሰጣል። ይህ እንደየአየሩ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ይወስዳል።

ትንሹ ታንኳ

ትልቁ ታንኳ በዳርቻው ላይ ሲታይ ቀላል ይመስላል፤ ጥቂት የደንገል እስሮች፣ ልጥና ገመድ፣ ሌላም ምንም የለውም። ቀረብ ብለው ሲመለከቱት ግን ከታች አንድ ዋና እስር እንደ መሠረት ሆኖ ከፊት ወደ ላይ ሲቀና፣ በግራና በቀኝ ሌሎች እስሮች ግድግዳ ሆነው ከእርሱ ጋር እንደተያያዙና ቀዛፊው የሚቀመጥበት ውስጡ ደግሞ በልቅ ደንገል እንደተሞላ ያያሉ። ልቅ የሆነበት ምክንያት አለው፤ ታንኳ ውኃ ላይ የሚቆየው እንደ እንጨት ጀልባ በመደፈን ሳይሆን አገዳው ራሱ በመንሳፈፉ ስለሆነ፣ ውኃ ከታች መግባቱ አይቀርም። የውስጡ ድርብርብ ቀዛፊውንና ጭነቱን ከዚያ ከፍ አድርጎ ይይዛል። ደንገል ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድም ታንኳው ከሥራ በኋላ ወደ ዳር ተስቦ እንዲደርቅ ይደረጋል። ትንሹን ሲሠሩ ይህንኑ አወቃቀር ከተከተሉ ጌጥ ብቻ ሳይሆን የእውነተኛው ታንኳ ሞዴል ይሆንልዎታል።

ርዝመቱ 40 ሴንቲ ሜትር ለሚሆን ታንኳ፣ ከአገዳው ላይ ወደ ራሱ የተጠጋውን ቀጭን ክፍል ይምረጡ። ወፍራሙን ክፍል በትንሽ ታንኳ ላይ መጠቀም መጠኑን ስለሚያፈርስ፣ ቀጭን ካጡ ወፍራሙን በቁመቱ ለአራት መሰንጠቅ ይቻላል። የደረቀውን አገዳ በእርጥብ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልለው ያሳድሩት፤ ውኃ ውስጥ መንከር አያስፈልግም። በማግሥቱ ሳይሰነጠቅ የሚታጠፍ መሆኑን በአንዱ ይፈትኑ።

መጀመሪያ መሠረቱን ይሥሩ። ወደ 55 ሴንቲ ሜትር የሚረዝሙ አገዳዎችን ሰብስበው መካከሉ ሁለት አውራ ጣት ያህል የሚወፍር እስር ያድርጉ፤ ነገር ግን ሁሉም አገዳ እኩል ርዝመት አይኑረው። የአንዱ ጫፍ ካንዱ ወደ ኋላ እየቀረ ሲደራረብ እስሩ ወደ አፍንጫው እየቀጠነ ይሄዳል፤ ሁሉንም እኩል አድርጎ አስሮ ጫፉን በመቀስ ማሾል ግን የተቆረጠውን ነጭ ውስጥ አፍጥጦ ስለሚያሳይ ያስቀይመዋል። ማሰር የሚጀመረው ከመካከል ነው። ከዚያ አንዴ ወደ ፊት፣ አንዴ ወደ ኋላ እያሉ በየሦስት ጣት ርቀት ይሰሩ። ማሰሪያው ልጥ ወይም የቃጫ ገመድ ይሁን፤ ናይለን ይጠነክራል፣ ዳሩ ግን ስለሚያዳልጥ ቋጠሮው ቀስ በቀስ ይፈታል፣ ለዓይንም አይስማማም።

ሁለቱን የጎን እስሮች ከመሠረቱ ቀጠን አድርገው ካሰሩ በኋላ በግራና በቀኝ ያስቀምጡና ገመዱን በአንዱ ላይ አዙረው በመሠረቱ ሥር አሳልፈው በሌላው ላይ እየመለሱ ያጣምሩ። ወስፌ ካለዎት ገመዱን በአገዳዎቹ መካከል ለማሳለፍ በጣም ይረዳል። እዚህ ላይ አይቸኩሉ። የአንዱ ጎን ገመድ ከሌላው ከጠበቀ ታንኳው ይዘምማል፤ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ከፊት ለፊት ሲያዩት አፍንጫው ከመካከሉ መስመር ከወጣ ፈትቶ እንደገና ማሰር እንጂ በመግፋት የሚቃና ነገር የለም።

ቀጥሎ የሚመጣው አፍንጫውን ማቅናት ነው፤ ብዙ ትናንሽ ታንኳዎች የሚበላሹትም እዚሁ ላይ ነው። ጫፉን በእጅ ወደ ላይ አጥፎ መተው ለጊዜው ያቀናዋል፣ ሲደርቅ ግን ተመልሶ ይወድቃል። ስለዚህ ከአፍንጫው ጫፍ ተነሥቶ ወደ ታንኳው ውስጥ የሚመጣ ቀጭን ገመድ አስረው፣ የሚፈልጉትን ቅናት እስኪያገኝ ስበው ይቋጥሩት፤ እስኪደርቅም ይተዉት። የዚህ ገመድ ነገር በትልቁ ጀልባ ላይ ምን ያህል ክብደት እንዳለው አንድ የታወቀ ታሪክ ያሳያል። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1969 አትላንቲክ ውቅያኖስን ለማቋረጥ «ራ» የተባለችውን የደንገል ጀልባ ሲያሠራ፣ ደንገሉ የተወሰደው ከጣና ሐይቅ ነበር፤ የሠሩት ባለሙያዎች ደግሞ ከቻድ ሐይቅ የመጡ ነበሩ። ጀልባዋ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ከተጓዘች በኋላ የኋላ ክፍሏ ወደ ውኃ ተዘቅዝቆ ጉዞው ተቋረጠ። ከምክንያቶቹ አንዱ በጥንታዊ የግብፅ ጀልባ ሥዕሎች ላይ የሚታየው፣ የኋላውን ቅናት ደግፎ የሚይዘው ገመድ ቸል መባሉ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት፣ በቦሊቪያ ካለው ከቲቲካካ ሐይቅ በመጡ የአይማራ ባለሙያዎች ከዚያው ከኢትዮጵያ ደንገል የተሠራችው «ራ 2» ውቅያኖሱን አቋርጣ ባርቤዶስ ደረሰች። የጣናው ደንገል ጥፋት አልነበረበትም ለማለት ይህ ይበቃል።

ታንኳውን በጥላ ሥር አንድ ሳምንት ያህል ያድርቁት። በዚህ ጊዜ አገዳው ይኮማተራልና ሲያስሩት የጠበቀው ገመድ በሙሉ ልል ሆኖ ያገኙታል፤ ይህ ስሕተት አይደለም፣ የሥራው ጠባይ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ማሰሪያ ከመካከል ጀምሮ ለሁለተኛ ጊዜ ያጥብቁ። ገዢው ቤት ደርሶ የሚፈታው ታንኳ ይህ ሁለተኛው ማሰር የቀረበት ነው። ከዚህ በኋላ ውስጡን አጫጭር ልቅ አገዳዎች ይሙሉበትና ከቀርከሃ የተሰነጠቀ ቀጥ ያለ ዘንግ መቅዘፊያ አድርገው ያስቀምጡበት። የታንኳ ቀዛፊ በጣና የሚጠቀመው ጫፉ የሰፋ መቅዘፊያ ሳይሆን በሁለቱም በኩል እያፈራረቀ የሚቀዝፍበት ረጅም ዘንግ ነው፤ ማንኪያ መሰል መቅዘፊያ የያዘ የደንገል ታንኳ ካዩ፣ ሠሪው ሐይቁን በፖስት ካርድ ብቻ ያየው ሊሆን ይችላል። ቫርኒሽ መቀባት አልመክርም፤ አገዳውን ያጠቁረዋል፣ የደረቀ ሣር ሽታውንም ያጠፋበታል። ከአቧራ ለመጠበቅ ጥቂት የንብ ሰም በጨርቅ ማሸት በቂ ነው።

የደንገል ወረቀት

የጣና ገዳማት ደንገል በደጃቸው እየበቀለ መጻሕፍታቸውን የጻፉት በብራና ነው። የደንገል ወረቀት የጥንት ግብፃውያን ሙያ ሲሆን፣ በግብፅም ከጠፋ በኋላ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ሐሰን ራጋብ በተባለ መሐንዲስ ጥረት እንደገና የተጀመረ ነው። ስለዚህ ጣና ላይ ሲሠራ «የአባቶቻችን ወረቀት» ብሎ መሸጥ ከእውነት መራቅ ነው፤ «በጣና ደንገል የተሠራ ወረቀት» ማለት ግን እውነትም ነው፣ በቂም ነው።

አሠራሩ ትዕግሥት ይፈልጋል እንጂ ከባድ አይደለም። እርጥቡን ወፍራም አገዳ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል አድርገው ይቁረጡና አረንጓዴውን ልጣጭ በቢላዋ ያንሡት። አገዳው ክብ ሳይሆን ሦስት ማዕዘን ስለሆነ በሦስት ጊዜ ይላጣል። የሚቀረውን ነጭና ለስላሳ ልብ በቁመቱ፣ በተቻለ መጠን ስስ አድርገው ይሰንጥቁት፤ በቢላዋ የሚያስቸግር ከሆነ በሁለት እጅ ተወጥሮ የተያዘ ጠንካራ ክር በአገዳው ውስጥ መጎተት እኩል ውፍረት ይሰጣል። ስንጥቆቹን በዳቦ መዳመጫ ወይም በጠርሙስ እየዳመጡ ውኃቸውን ያውጡና ንጹሕ ውኃ ውስጥ ይዘፍዝፏቸው። ውኃውን በየዕለቱ እየለወጡ ሦስት ቀን ያህል ሲቆዩ ነጩ ልብ ብርሃን አሳላፊ ወደ መሆን ይሄዳል። ከዚህ በላይ የቆየ ወረቀቱን ቡናማ ያደርገዋል፤ ቀለሙን የሚወድ ሰው ሆን ብሎ ሊያቆየው ይችላል።

ከዚያ በሰሌዳ ላይ የጥጥ ጨርቅ አንጥፈው ስንጥቆቹን ጎን ለጎን፣ የአንዱ ጠርዝ በሌላው ላይ ጥቂት እንዲያርፍ አድርገው ይደርድሩ። በዚህ ላይ ሁለተኛውን ድርብርብ መስቀለኛ አድርገው ያንጥፉ። ሙጫ አያስፈልግም፤ ከራሱ ከአገዳው የሚወጣው ጭማቂና ጫናው ሁለቱን ያጣብቋቸዋል። በሌላ ጨርቅ ሸፍነው፣ ሰሌዳ ጭነውበት ከባድ ድንጋይ ያሳርፉበት። ጨርቁ ጠዋትና ማታ በደረቅ መለወጥ አለበት፤ እርጥብ ጨርቅ ያደረበት ወረቀት ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣል፣ ያም ነጠብጣብ በኋላ አይለቅም። እንደየወቅቱ ከአምስት ቀን እስከ አንድ ሳምንት ባለው ጊዜ ይደርቃል። ለማፍጠን ብሎ ፀሐይ ላይ ማውጣት ወረቀቱን ያጣምመዋል። ሲደርቅ ለስላሳ በሆነ የወንዝ ድንጋይ በቀስታ ይሹት፤ ወደ ብርሃን ቢያነሡት ሁለቱ ድርብርቦች ተሻግረው የሠሩት ፍርግርግ ይታያል። ይህ ፍርግርግ ነው ማተሚያ ቤት ከሚያባዛው «ፓፒረስ መሰል» ወረቀት የሚለየው።

ማየትና መሣል

በዚህ ወረቀት ላይ የሚሣለው ከዚያው ከሐይቁ ቢሆን እመርጣለሁ፤ የባሕር ዶልፊንና የአሸዋ ዳር ዘንባባ በጣና ደንገል ላይ ተሥሎ ማየት ያሳዝናል። ለማየት የሚሻለው ጊዜ ጠዋት ከ12 እስከ 2 ሰዓት ነው። ዓሣ በሚጸዳባቸው ዳርቻዎች ፔሊካኖች ትርፍራፊ ሲጠብቁ በቅርብ ስለሚቆሙ ለጀማሪ ምቹ ናቸው፤ አንገታቸው ወደ ኋላ ተጠቅልሎ ምንቃራቸው ደረታቸው ላይ ሲያርፍ ረዘም ላለ ጊዜ ስለማይንቀሳቀሱ እርሳስ ለያዘ ሰው ጊዜ ይሰጣሉ። ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር የሆነው ትንሹ ዓሣ አዳኝ ወፍ ግን ሌላ ነው። ከውኃው በላይ አንድ ቦታ ላይ ክንፉን እያራገበ ይቆማል፤ ክንፉና አካሉ ሲንቀጠቀጥ ራሱ ግን በአየር ላይ የተቸነከረ ይመስል አይነቃነቅም፣ ምንቃሩም ቀጥ ብሎ ወደ ታች ያመለክታል። ከዚያ በድንገት ይወረወራል። ይህን ወፍ ለመሣል የሚሞክር ሰው ክንፉን መቁጠር ትቶ መጀመሪያ ያችን የማትነቃነቅ የራስና የምንቃር መስመር ቢይዝ፣ የቀረው በኋላ ከትውስታም ሊሞላ ይችላል።

ለመስመር አያያዝ ደግሞ በዘጌ የሚገኘውን የኡራ ኪዳነ ምሕረትን ሥዕሎች ረጋ ብሎ መመልከት ከብዙ ትምህርት ይበልጣል። በመቅደሱ ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ጨርቅ የተሣሉት ሥዕሎች ቅርጽን በጥቁር መስመር ከበው ውስጡን ባልተቀላቀለ ቀለም ይሞላሉ፤ ይህ አሣሣል ቀለምን በሚያሰራጨው የደንገል ወረቀት ላይ በጣም ይስማማል። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ልማድ ጻድቃን ሁለት ዓይናቸው እየታየ፣ ክፉዎች ደግሞ በአንድ ጎን በአንድ ዓይን ይሣላሉ። በዚህ ሥርዓት ቢሆን ከጎን የሚሣል ወፍ ሁሉ ከኃጥአን በተቆጠረ ነበር። ሴት ሠዓሊዎች ኡራ ኪዳነ ምሕረትንና ናርጋ ሥላሴን ገብተው ማየት ሲችሉ፣ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ግን ለሴቶች የተከለከሉ መሆናቸውን ጀልባ ከመከራየት በፊት ማወቅ ይጠቅማል። የትም ቢገቡ በፍላሽ ፎቶ አያንሡ፤ አሮጌ ቀለምን ሊጎዳ ይችላል።

ቀለሙን ራስዎ ማዘጋጀት ይችላሉ። ቀይ አፈር ወይም ቢጫ አፈር በውኃ በጥብጠው ጥቂት ደቂቃ ይተዉት፤ አሸዋው ቶሎ ወደ ታች ሲዘቅጥ ደፍራሹን ውኃ ወደ ሌላ ዕቃ ይገልብጡት። በዚያ ውስጥ በአንድ ሌሊት የሚያርፈው ስስ ዝቃጭ ነው ቀለም የሚሆነው። ማያያዣው የግራር ሙጫ ነው፤ አንድ እጅ የተፈጨ ሙጫ በሁለት እጅ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ሲያድር ይሟሟል፣ ከዚያ በጨርቅ ይጠለላል። ሙጫው ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ ጥቂት ማር ይጨመርበታል። ለጥቁር፣ የኩራዝ ጥላሸት ጥሩ ነው፤ ጥላሸት ግን ውኃ ስለማይቀበል ላዩ ላይ ሲንሳፈፍ ያስቸግራል። ሁለት ወይም ሦስት ጠብታ አረቄ ሲደረግበት ወዲያው ይዋሐዳል። ብሩሹ ቀጭን፣ ቀለሙም ወፈር ያለ ይሁን፤ ውኃ የበዛበት ቀለም በአገዳው ጅማት ተስቦ ከመስመሩ ይወጣል። ሁልጊዜ በወረቀቱ ቁራጭ ላይ ሳይሞክሩ ዋናው ላይ አይጀምሩ።

ስለ እምቦጭ

እምቦጭ የተባለው መጤ የውኃ አረም በጣና ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 ከታወቀ ወዲህ «ለምን ቅርጫት አይሠራበትም?» የሚል ጥያቄ በተደጋጋሚ ይነሣል። ይሠራበታል፤ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር በኬንያ ኪሱሙ ከደረቀ የእምቦጭ አገዳ ቅርጫትና የቤት ዕቃ የሚሠሩ ባለሙያዎች አሉ። አገዳው ከደረቀ በኋላ በቁመቱ ተሰንጥቆ ይጎነጎናል፣ ጉንጉኑም በሽቦ ወይም በእንጨት ማዕቀፍ ላይ ይጠመጠማል። ሆኖም ከክብደቱ አብዛኛው ውኃ ስለሆነ ከአንድ ሙሉ ጋሪ አረንጓዴ እምቦጭ የሚገኘው ደረቅ ነገር ጥቂት ነው፤ ሐይቁን በእጅ ሥራ እናጸዳለን የሚለው ተስፋም ከዚህ አንጻር የተጋነነ ይመስለኛል። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበው ማጓጓዙ ነው። እምቦጭ ከቁራጩም ይራባል፣ ዘሩም በጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይበቅል ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ሥሩንና አበባውን እዚያው ዳርቻው ላይ፣ ከውኃው ርቆ፣ ቆርጦ ማድረቅና ማቃጠል ያስፈልጋል፤ አረንጓዴውን በጆንያ ጭኖ ወደ ሌላ ወንዝ ወይም ግድብ አጠገብ መውሰድ ግን በፍጹም አይገባም።

ዋጋና መላክ

ዋጋ ሲተምኑ ጎረቤት ሻጭ ያለውን ከማየት በፊት የራስዎን ወጪ ይጻፉ፦ የአገዳው፣ የገመዱና የትራንስፖርቱ ወጪ፣ ለማጨድ፣ ለማድረቅና ሁለት ጊዜ ለማሰር የሄደው ሰዓት በአካባቢው የቀን ሥራ ክፍያ ተሰልቶ፣ በሥራ ላይ የተሰበረውና የሻገተውም ተጨምሮ። ሠሪዎች ብዙውን ጊዜ የሚረሱት የማድረቂያውን ጥበቃና የተበላሸውን ነው። ከዕቃው ጋር የሚሄድ ትንሽ ካርድ አዘጋጅተው ደንገሉ ከየትኛው ዳርቻ እንደመጣ፣ በየትኛው ወር እንደታጨደ፣ ማን እንደሠራውና ከማን እንደተማረ ይጻፉበት።

ወደ ውጭ አገር የሚላክ ወይም በእንግዳ ሻንጣ የሚሄድ የደንገል ሥራ ከዕፅዋት የተሠራ ዕቃ በመሆኑ በብዙ አገሮች፣ ለምሳሌ በአሜሪካ፣ ሲገቡ ለጉምሩክ ማስታወቅ ግዴታ ነው፤ በብዛት ሲላክ ደግሞ የዕፅዋት ጤና ሰርተፍኬት ሊጠየቅ ስለሚችል ከመላክ በፊት ማጣራት ይገባል። ጭቃ የያዘ ሥር፣ ነፍሳት ወይም ዘር ያለበት የደንገል ራስ ካለበት ሊያዝ ይችላልና ከመታሸጉ በፊት ተራግፎና ተቦርሾ አንድ ቀን ሙሉ ፀሐይ ይምታው። የሚታሸገውም በፕላስቲክ ሳይሆን በወረቀት ተጠቅልሎ በካርቶን ነው፤ ፕላስቲክ ውስጥ የቀረ እርጥበት በመንገድ ላይ ያሻግተዋል። ለገዢውም በካርዱ ጀርባ ላይ ከወጥ ቤት እንፋሎትና ቀጥታ ፀሐይ ከሚያርፍበት መስኮት እንዲያርቀው፣ ሻጋታ ካየበት ሳያረጥብ በደረቅ ብሩሽ ጠርጎ ነፋሻ ጥላ ውስጥ ጥቂት ቀን እንዲያቆየው፣ ገመዱ ከላላም ከመካከል ጀምሮ እንዲያጠብቀው ይጻፉለት።